«የታክስ ዕዳችንን ከባለቤቴ ደብቄአለሁ፤ እናዘጋልሃለን ላሉኝ 4,500 ዶላር ልክፈል?»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

ዓምድዎን የምታነበው ባለቤቴ ናት፤ እኔ እሷ ስታነብልኝ ነው የምሰማው። ስለዚህ ስሜንና ከተማዬን እንዳያወጡብኝ አደራ።

41 ዓመቴ ነው። ቨርጂኒያ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር እኖራለሁ። ኡበር እነዳለሁ። እሷ አረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች፤ በዓመት 38 ሺህ ዶላር ገደማ ታገኛለች፤ ታክሷ ከደመወዟ ላይ ይቆረጣል። የ2022ን ታክስ አንድ ላይ ስናሠራ 6,800 ዶላር ትከፍላላችሁ ተባልን። «ተዪው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» አልኳት። አልጨረስኩትም። በዚያው ሰሞን የመኪናዬ ካምቢዮ ሄደ፣ አገር ቤት እናቴ ሆስፒታል ገባች። በዓመቱ ደግሞ በዕዳ ላይ ዕዳ ይመጣብኛል ብዬ የ2023ን ሳላሠራ ቀረሁ። የ2024ንም እንደዚያው። «ሪፈንዱ (የታክስ ተመላሹ) መጣ እንዴ?» ስትለኝ «ዘንድሮ ዘግይተዋል» እላታለሁ።

ከአይአርኤስ፣ ከፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት፣ የሚመጣውን ፖስታ ከሳጥኑ የማወጣው እኔ ነኝ። ሳልከፍት በፌስታል አድርጌ መኪናዬ ውስጥ ከትርፍ ጎማው ሥር አስቀምጣለሁ። በቅርቡ ግን ሁለት አንድ ዓይነት ፖስታ መጣ፤ አንዱ በእኔ ስም፣ አንዱ በእሷ። የእኔን ከፈትኩት። የ2022ቱ ዕዳ 9,300 ዶላር ደርሷል፤ ንብረት እንይዛለን ይላል፤ ኤልቲ 11 የሚል ቁጥር አለበት። ከተጻፈ ዛሬ 11 ቀኑ ነው። በ2023 ብቻ ከኡበር የመጣው የገቢ ወረቀት (1099 የሚሉት) 52 ሺህ ዶላር ስለሚል፣ ሁለቱ ዓመት ሲጨመር ዕዳው 23 ሺህ ይደርሳል ብዬ እገምታለሁ።

ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ አይቼ ለአንድ ድርጅት ደወልኩ። «4,500 ዶላር ክፈልና በጥቂት ሳንቲም እናዘጋልሃለን፤ ከአሁን በኋላ ፖስታም አትክፈት» አሉኝ። የምናውቀው ታክስ የሚሠራ አበሻ አለ፤ ግን አንድ ቤተ ክርስቲያን ነን፤ ነገሩ ቡና ላይ ይወራል። በሚቀጥለው ወር 10 ሺህ ዶላር እቁብ ይደርሰኛል፤ በእሱ ልክፈላቸው? ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፤ ዜግነት ልሞላ ነበር። በዚህ ጉዳይ ያስሩኛል? እንቅልፍ ካጣሁ ቆየሁ።

ፖስታ ደባቂው፣ ከቨርጂኒያ

*

ወንድሜ፤

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማታ ሁለት መስመር ጽፌ ልኬልህ ነበር፤ ዓምዱ እስኪወጣ ብጠብቅ ቀኑ ያልፍብህ ነበርና። «ለድርጅቱ አትክፈል። በእሷ ስም የመጣውን ፖስታ ስጣት።» የመጀመሪያው ሳያሳርፍህ አልቀረም፤ ሁለተኛው ግን ሆድህን እንዳላወሰው አውቃለሁ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩህ አሁን ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ።

በቅድሚያ ግን ከትከሻህ ላይ አንድ ነገር ላውርድልህ። አሜሪካ ውስጥ ሰው ታክስ መክፈል ስላቃተው አይታሰርም። ዕዳው ዕዳ ነው፤ እንደ ዕዳ ይሰበሰባል። የሚያስከስሰው ሆን ብሎ ገቢ መደበቅ፣ የውሸት ቁጥር መሙላት፣ እያወቁ ሳያስገቡ መቅረት ነው። አንተ ሁለት ዓመት አላስገባህም፤ ይህ ቀላል ነው ብዬ አላታልልህም። ግን ሳይፈልጉት ራሱ መጥቶ የጎደለውን የሚሞላና ሲሸሽ የተያዘ ሰው በአንድ ዓይን አይታዩም። አንድ ጥያቄ አለችኝ፤ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስህ ስጥ፦ በ2022ቱ ፎርም ላይ አውቀህ ያሳነስከው ነገር አለ? ካለ፣ ከማንም በፊት የታክስ ጠበቃ አናግር። ለጠበቃ የምትነግረውን ሕግ ይጠብቅልሃል፤ ታክስ ለሚሠራልህ ሰው የምትነግረው ግን የወንጀል ጉዳይ ቢመጣ እንደዚያ አይጠበቅም። ከሌለ፣ እንደ አብዛኛው ሰው የፈራህ ሰው ነህ ማለት ነው፤ ለፈራ ሰው ደግሞ መንገዱ ብዙ ነው።

ዜግነቱን ትንሽ አቆየው። የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን-400 ፎርም፣ ያልተከፈለ ታክስ አለብህ ወይ፣ ማስገባት ሲገባህ ያላስገባኸው አለ ወይ ብሎ በቀጥታ ይጠይቃል። ዛሬ ብትሞላው ወይ ትዋሻለህ ወይ ባዶ እጅህን ትቀርባለህ። ያልገቡት ገብተው፣ የክፍያ ስምምነት ተፈርሞ፣ በስምምነቱ እየከፈልክ መሆንህን የሚያሳይ ወረቀት ይዘህ ስትገባ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔም ቢሆን ከመሙላትህ በፊት ለኢሚግሬሽን ጠበቃ አሳየው።

አሁን ወደ ፖስታው። ኤልቲ 11 አይአርኤስ የባንክ ሒሳብ፣ ደመወዝ ወይም ከኡበር የሚመጣልህን ገንዘብ ከመያዙ በፊት የሚልከው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። ሲያነቡት ያስደነግጣል፤ ነገር ግን የሚያስደነግጠው ወረቀት ራሱ ትልቅ መብት ይዞ ነው የመጣው። ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ፎርም 12153 ሞልተህ ብትልክ፣ ጉዳይህ ከዕዳ ሰብሳቢዎቹ ነፃ በሆነው የይግባኝ ክፍል ይታያል፤ እስኪታይም ንብረት መያዙ በአብዛኛው ይቆማል። ፎርሙ ጥቂት ገጽ ነው። ምን እንደምትፈልግ ሲጠይቅህ በየወሩ የመክፈል ስምምነት የሚለውን ሳጥን ምልክት ታደርጋለህ። ደብዳቤው ላይ ወዳለው አድራሻ፣ ፖስታ ቤት ሄደህ በሰርቲፋይድ (መላኩን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ባለው ፖስታ) ላከው፤ ደረሰኙን ያዝ። ቀኑ ካለፈም በዓመት ውስጥ የሚጠየቅ ሌላ ዓይነት የይግባኝ ስብሰባ አለ፤ ግን እሱ የሰብሳቢዎቹን እጅ አይዝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

እዚህ ላይ ነው ባለቤትህ የምትገባው። የ2022ን አብራችሁ ስለፈረማችሁ ዕዳው የሁለታችሁ ነው፤ ግማሽ ግማሽ ሳይሆን ሙሉው በአንተ ላይ፣ ሙሉው በእሷም ላይ። አይአርኤስ ሁለት ፖስታ የላከው ለዚያ ነው። በእሷ ፖስታ ውስጥ ያለው የ30 ቀን መብት የእሷ ነው፤ ፎርሙ ላይ መፈረም ያለባትም እሷ ናት። እያንዳንዱ ቀን ከትርፍ ጎማው ሥር ሲያልፍ ከእሷም መብት ላይ አንድ ቀን ይቀነሳል። ደመወዟ ቢያዝ መጀመሪያ የምትሰማው ከአሠሪዋ ነው። ከማን ብትሰማው ይሻላል ትላለህ? «ንገራት» የምልህ ስለ ትዳር ልሰብክህ አይደለም። ያለ እሷ ፊርማ ወረቀቱ ራሱ ጎዶሎ ስለሚሆን ነው።

ስለ ድርጅቱ ብዙ አልልም፤ አንተም ጠርጥረህ ነው የጻፍክልኝ። ግን ከተናገሩህ ነገር አንዱን ልብ በልልኝ፦ «ፖስታም አትክፈት።» ፖስታህ ውስጥ የምትቆጠር ቀን እያለች ፖስታ አትክፈት የሚልህ ሰው ረዳትህ አይደለም። «በጥቂት ሳንቲም ማዘጋት» የሚሉት ነገር ከምንም የመጣ አይደለም፤ ኦፈር ኢን ኮምፕሮማይዝ የሚባል ሕጋዊ መንገድ አለ። አይአርኤስ ያለህን ንብረትና ወደፊት ከወጪህ የሚተርፍህን አስልቶ፣ ከዚያ በላይ ላገኝ አልችልም ብሎ ሲያምን ከዕዳው ያነሰ ይቀበላል። ማመልከቻው 205 ዶላር ነው፤ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው እሱም ይቀራል። ነገር ግን ያላስገባኸው ዓመት እያለ ማመልከቻህን አይመለከቱትም፤ ስለዚህ የ2023ና የ2024ን ሳያይ በስልክ ቃል የገባልህ ሰው የሌለውን ነው የሸጠልህ። አይአርኤስ በየዓመቱ በሚያወጣው «ደርቲ ደዘን» በሚባለው የማጭበርበሪያዎች ዝርዝር ውስጥም እንዲህ ዓይነት ድርጅቶች በተደጋጋሚ ይነሣሉ። እውነቱን ልንገርህ ከተባለ፣ ሁለት ደመወዝ ያለው ቤት 23 ሺህ ዶላር በየወሩ መክፈል አይችልም ብሎ አይአርኤስን ማሳመን ይከብዳል። በድረ ገጻቸው ላይ ብቁ መሆንህን በነፃ የምትሞክርበት መጠይቅ አለ፤ ሞክረውና ራስህ እየው።

እና ማን ይርዳህ? መጀመሪያ ሎው ኢንካም ታክስፔየር ክሊኒክ (ገቢያቸው ዝቅ ያለ ታክስ ከፋዮችን የሚረዱ ቢሮዎች) ለሚባሉት ደውል። በ1998 በወጣ ሕግ መነሻነት በመንግሥት ድጎማ የሚሠሩ ናቸው፤ ከአይአርኤስ ግን ነፃ ናቸው። ብዙዎቹ በሕግ ትምህርት ቤቶችና በነፃ የሕግ ድጋፍ ቢሮዎች ውስጥ ነው ያሉት። ከአይአርኤስ ጋር ክርክር ያለበትን ሰው በነፃ ወይም በጣም በትንሽ ክፍያ ይወክላሉ። ገቢው በአብዛኛው ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 250 በመቶ ማለፍ የለበትም፤ አራት ሰው ላለው ቤተሰብ በ2025 ጣሪያው 80,375 ዶላር ነበር። የአንተን የተጣራ ገቢ ከእሷ ደመወዝ ጋር ስደምረው (ሒሳቡን ዝቅ ብዬ አሳይሃለሁ) ከዚያ በታች ትመስሉኛላችሁ። የክርክሩ መጠንም ለአንድ ዓመት በአብዛኛው ከ50 ሺህ ዶላር ማነስ አለበት፤ የእናንተ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ፐብሊኬሽን 4134 የሚባለው የአይአርኤስ ዝርዝር የየክሊኒኩን ስልክ ይዟል። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑ ሰዎችን ስለ መብታቸው ማስረዳትም ሥራቸው ነው፤ ስትደውል «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በል። አይአርኤስ ራሱም በስልክ አስተርጓሚ ያቀርባል። ልጆችህን ግን አስተርጓሚ እንዳታደርጋቸው። በልጅ አፍ የአባትን ዕዳ ማስነገር ለልጆቹም ለአንተም ጥሩ አይደለም።

ክሊኒኩ ወረፋ አለው ካለህ ወይም ገቢያችሁ ካለፈ፣ ከፍለህ የምታሠራው ባለሙያ ከሦስቱ አንዱ ይሁን፦ ኢንሮልድ ኤጀንት (አይአርኤስ ራሱ ፈቃድ የሰጠው የታክስ ባለሙያ)፣ ሲፒኤ (ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ) ወይም ጠበቃ። በማንኛውም የታክስ ጉዳይ አይአርኤስ ፊት ሙሉ በሙሉ ሊወክሉህ የሚችሉት እነሱ ናቸው። ያ የቤተ ክርስቲያናችሁ ሰው ታክስ አሳምሮ ይሠራ ይሆናል፤ ፎርም መሙላትና በዕዳ ጉዳይ መወከል ግን ሁለት ሥራ ነው፤ ከእነዚህ ፈቃዶች አንዱ ከሌለው በዚህ ጉዳይ ሊቆምልህ አይችልም። የባለሙያውን ፈቃድ አይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ ባለው መዝገብ ማየት ትችላለህ። ከዚያ ጠይቀው፦ የውክልናው ፎርም 2848 ላይ የሚፈርመው ማን ነው፣ አንተ ራስህ ነህ ወይስ ሌላ? ዋጋህ በሰዓት ነው ወይስ ቁርጥ? በጽሑፍ ትሰጠኛለህ? ቀድመህ ትራንስክሪፕቴን (አይአርኤስ ስለ እኔ የያዘውን መዝገብ) ታያለህ? «አዎ፣ ካላየሁ ምንም አልነግርህም» የሚልህ ሰው ደህና ነው። ውክልናውን አንተም እሷም ለየብቻ ነው የምትሞሉት። ባለሙያው ብቻዋን ላናግራት ቢልህ አትቀየም፤ አብራ የፈረመች ሚስት የራሷ መከላከያ ሊኖራት ስለሚችል ነው፤ ይህን የሚጠይቅ ሰው ሥራውን ያውቃል።

ወሬውን ፈርተህ ነው የራቅከው፤ ይገባኛል። ይሉኝታ እኛን ብዙ አስከፍሎናል። እኔም በዚህ አገር የመጀመሪያ ዓመቴ የመጣብኝን የሕክምና ቢል ሳልከፍት ፍራሽ ሥር ያቆየሁ ሰው ነኝ፤ ሰብሳቢ ድርጅት እስኪደውልልኝ ድረስ። ክሊኒክ ውስጥ ያለ ጠበቃና ኢንሮልድ ኤጀንት ምሥጢርህን የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው፤ አብዛኞቹም ማን ከማን ጋር እንደሚቆርብ አያውቁም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ደግሞ ለጎረቤት ሁሉ ተናገር ማለት አይደለም፤ ለሐኪሙ ተናገር ማለት ነው።

አሁን ደስ ወደሚለኝ ክፍል፤ 23 ሺህ ያልከውን ቁጥር እኔ አላምነውም። የ2023ቱ 1099-ኬ ላይ ያየኸው 52 ሺህ ዶላር ተሳፋሪዎች የከፈሉት እንጂ አንተ ያገኘኸው አይደለም፤ ኩባንያው የቆረጠው ድርሻ ጭምር በውስጡ አለ። እንበልና ኩባንያው 13 ሺህ ቆርጧል፤ 39 ሺህ ይቀራል። በዚያ ዓመት ለሥራ 38 ሺህ ማይል ነድተህ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ የሥራ ማይል እንደ ወጪ የሚያዝልህ የ2023 ተመን 65.5 ሳንቲም ነው፤ 24,890 ዶላር ወጪ ማለት ነው። የተጣራው ገቢህ 14,110 ዶላር ይሆናል። በዚያ ላይ የሚመጣው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ፣ ያ 15.3 በመቶ የሚሉት፣ 2 ሺህ ዶላር ያህል ነው። አንተ ሳታስገባ አይአርኤስ ራሱ ቢሞላልህስ? ማይልህን አያውቅም፤ በ52 ሺው ላይ አስልቶ በዚያው ታክስ ብቻ ከ7,300 ዶላር በላይ ያስከፍልሃል። የገቢ ታክሱን በተመለከተ ደግሞ ከእሷ ደመወዝ የተቆረጠው አለ፤ በ2023 ለአንድ ልጅ እስከ 2,000 ዶላር የሚደርስ የልጅ ክሬዲት (ከታክሱ ላይ የሚቀነስ) አለ። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፤ የአንተ ከዚህ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል። ግን ምናልባት የፈራኸው ዕዳ ግማሹ የለም። ባለማስገባትህ የጠፋ ሪፈንድ ቢኖር እንኳ ለመጠየቅ የሚሰጠው ጊዜ ሦስት ዓመት ነውና የ2023 ገና አላለፈም።

ማይሉን አልመዘገብኩም እንዳትለኝ። ከኩባንያው የዓመቱ ማጠቃለያ ላይ የጉዞ ማይል አለ፤ ዘይት ያስቀየርክበት ደረሰኝና የቨርጂኒያ ዓመታዊ የመኪና ምርመራ ወረቀት የኪሎ ሜትር ቆጣሪህን፣ ማለቴ የማይል ቆጣሪህን ንባብ ይይዛሉ፤ ስልክህ የካርታ ታሪክ ይዞ ይሆናል። እነዚህን አስተያይቶ በሐቅ መሥራት ይቻላል። ከአየር ላይ ቁጥር መፍጠር ግን ሌላ ጣጣ ነው። 1099ና የባለቤትህ የደመወዝ ወረቀት፣ ደብሊው-2፣ ጠፍተው ከሆነ አይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፍታችሁ የገቢ ትራንስክሪፕት ታወጣላችሁ፤ ለአንተና ለእሷ የተላከው ሁሉ እዚያ ተመዝግቧል።

የ2023ና የ2024ን አንድ ላይ ነው ወይስ ለየብቻ የምታስገቡት? ይህን ለባለሙያው ተዉት፤ ነገር ግን ባለቤትህ በተገኘችበት ይወሰን። ለየብቻ ካስገባችሁ የአንተ ዕዳ በእሷ ላይ አይወርድም፤ በአንጻሩ አንዳንድ ክሬዲቶች ይቀራሉ፣ ታክሱም ሊጨምር ይችላል። እሷ ልትመርጥ ይገባታል። ዘግይቶ ማስገባት ከዘግይቶ መክፈል በጣም እንደሚከፋም አስተውል፦ ላለማስገባት ቅጣቱ በወር 5 በመቶ እያለ እስከ 25 በመቶ ይሄዳል፤ ላለመክፈል በወር ግማሽ በመቶ ነው። ገንዘብ የለኝም ብለህ ሳታስገባ መቅረትህ በጣም ውዱን መንገድ መምረጥህ ነበር፤ ብዙ ሰው በዚሁ ይሳሳታል።

ሁሉም ገብቶ ጠቅላላው ከ50 ሺህ ዶላር በታች ከሆነ በኦንላይን የወርሃዊ ክፍያ ስምምነት ማመልከት ትችላለህ። ከባንክ በቀጥታ እንዲቆረጥ ካደረግህ መክፈቻው 22 ዶላር ነው፤ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ነፃ። አንተ በፈራኸው ልክ፣ 23 ሺህ ሆኖ እንኳ በ72 ወር ቢካፈል በወር 320 ዶላር ገደማ ነው፤ ወለድና ቅጣቱ ስለሚቀጥል ከዚያ ከፍ ይላል። ይህን ቀላሉን ስምምነት የምወድበት ሌላ ምክንያት አለኝ፦ በአብዛኛው የቤት ወጪህን ዝርዝር አይጠይቅህም። ዝርዝር የሚጠየቅበት መንገድ ውስጥ ከገባህ ለእናትህ የምትልከው ገንዘብ ካለ እንደ አስፈላጊ ወጪ በቀላሉ አይቀበሉህም። ስምምነቱ ሲጸድቅ፣ የ2022ን በጊዜው አስገብታችሁ ስለነበር፣ የዚያ ዓመት ያለመክፈል ቅጣት በወር ወደ ሩብ በመቶ ይወርዳል፤ ከመጨረሻው ማስጠንቀቂያ በኋላ ዝም ካልክ ግን ወደ 1 በመቶ ይወጣል። ከ2022 በፊት ያሉት ሦስት ዓመታት ንጹሕ ከሆኑ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተቀጣ ሰው የሚደረግ የቅጣት ስረዛ አለ፤ ካልጠየቅህ ላያነሡልህ ይችላሉ፤ ስለዚህ ጠይቅ።

እቁቡ። እንዲህ ያለ ገንዘብ ሲመጣ ልብ ይፈጥናል፤ አንድ ጊዜ ከፍዬ ልገላገል ያሰኛል። ለድርጅቱ ከሆነ ጭራሽ አይሆንም። ለ2022ቱ ዕዳ ከሆነ ግን ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ የአይአርኤስ ወለድ በ2025 7 በመቶ ነበር፤ ቅጣቱ ሲታከልበት ከአብዛኛው ብድር ይከፋል፤ በክሬዲት ካርድ ግን እንዳትከፍል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እቁብ ከደረሰህ በኋላም መጣል አለብህ፤ የዘንድሮው ታክስም አለ፤ የኡበር ሰው በየሩብ ዓመቱ አስቀድሞ መክፈል አለበት፤ የዓመቱ የመጨረሻ ክፍያ ቀን በተከታዩ ዓመት ጃንዋሪ 15 ነው። የድሮውን ስትዘጋ አዲስ ዕዳ ከፈጠርክ ስምምነቱም ይፈርሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ለዘንድሮው ቁረጥለት፣ ባለሙያው የሁለቱን ዓመት ቁጥር ያውጣ፣ የተረፈውን ወደ 2022 አዙር። ለቨርጂኒያ የታክስ መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ያልገባ ዓመት ስላለ እሱንም አብረው ይጨርሱልህ፤ የግዛቱ ዕዳ በፌዴራሉ ስምምነት ውስጥ አይካተትም። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ያ እቁብ ሲደርስ ባለቤትህ ምን ልታደርግበት ነበር ያሰበችው? ያሰበችው ነገር ካለ ከዚያ ላይ የምትወስድ መሆንህን ይዘህ ነው የምታናግራት።

እሷን ስለማናገር አንድ ሁለት ነገር። መኪና ውስጥ፣ ልጆች ፊት፣ ወይም ከፈረቃ ደክማ በገባችበት ሰዓት አይሁን። ፌስታሉን ይዘህ ግባ፤ አንዱንም አታስቀር፤ በኋላ አንድ ፖስታ ብታገኝ የዛሬው ንግግር ሁሉ ይፈርሳል። «ላሳስብሽ ስላልፈለግሁ ነው» በማለት እንዳትጀምር፤ እውነት ቢሆንም ከእሷ በኩል ሲሰማ እንደ ውለታ አይቆጠርም። «ሁለት ዓመት ዋሽቼሻለሁ። ይህ በስምሽ የመጣ ነው። እስከዚህ ቀን አብረን መፈረም አለብን። ሰኞ ለክሊኒኩ እንደውላለን፤ ስልኩ ይኸው» በላት። ትቆጣ ይሆናል። ከዕዳው ይልቅ «ሪፈንዱ ዘግይቷል» ያልካት ሊያማት ይችላል፤ ያኔ ስለ ወለድ አታስረዳት። ዝም በል። ምናልባት ያን ማታ አታናግርህም። ፎርሙን ግን ጠረጴዛው ላይ ተወው፤ ብዕር ከጎኑ አድርግ።

ይህ ዓምድ እስኪወጣ ከ30ው ቀን ጥቂት ነው የሚቀርህ። ክሊኒኩ ቀጠሮ እስኪሰጥህ ፎርም 12153ን አትጠብቅበት፤ ያለ ባለሙያም መላክ ትችላለህ፤ ባለሙያው በኋላ ይደርስበታል። ፖስታ ቤት የሰርቲፋይድ ደረሰኝ ሲሰጥህ ፎቶ አንሥተህ ለእሷ ላክላት።